ንቦቼ የተከሰሱበት መስከረም

ዛሬ ጠዋት ከጓሮዬ የቀጠፍኩት የባቄላ ቅጠል ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ጀርባውን ክሽክሽ የምንላት ደቃቅ ጥቁር ተባይ ሸፍናዋለች። ያ ሙጫ መሳይ እርጥበት የወጣትነቴን መስከረም አመጣብኝ።

ያን ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለች መንደራችን እንደኔ ያለ ንብ አዋቂ አልነበረም፤ አሁንም የለም። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እያየሁ ነው ያወቅሁት። የጎረቤታችንን ልጅ አጭቼ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። የእኔ ባቄላ ቢጫ ሆኖ ቅጠሉ ተጠቀለለ፤ ወዲያው የአባቷም ባቄላ ተከተለ። ሰውየው ንቦቼ ከእኔ ማሳ ወደ እሳቸው ማሳ ሲመላለሱ አይተው ፈረዱ።

«በሽታውን ተሸክመው የሚያመጡብኝ እነሱ ናቸው። ወይ ቀፎህን አቃጥል፣ ወይ ልጄን እርሳት!»

«ኧረ ንብ ማር እንጂ በሽታ አትሸከምም» አልኳቸው።

«ጠበቃቸው ነህ?»

እኔ ግን ዓይን አለኝ። በታመመው ባቄላ ሁሉ ላይ ክሽክሽ ነበረች፤ ክንፍ ያወጣችው ደግሞ በነፋስ ወደ ጤነኛው ስትሻገር አይቻለሁ። አፉ በተሰበረ እንስራ ባቄላ ዘራሁ። ሲበቅል ከታመመው ማሳ ክሽክሽ አምጥቼ ለቀቅሁበትና ንብ እንዳይደርስበት በስስ ሻሽ ሸፈንኩት።

እጮኛዬ ተደብቃ መጥታ አየችው። «አባዬ ‹ንቦቹም ያመጡታል› ቢሉህስ?» አለችኝ። ጤነኛ ባቄላ ያለበት ሌላ እንስራ አመጣችና ከታመመው ባቄላ አበባ ላይ ንቦች በሻሽዋ ይዛ አስገባችበትና ሸፈነችው። አንዷ ነደፈቻት።

«ላንተ ስል ጣቴ አበጠ፤ ቀለበቱ አልገባ ቢልስ?» ብላ ሳቀች።

ሰነባብቶ ክሽክሽ ያለችበት ባቄላ ቢጫ ሆነ። ንቦቹ የገቡበት እንደለመለመ ቀረ። ሁለቱንም ተሸክሜ አባቷ ደጅ አስቀመጥኩ። ሰውየው ጎንበስ ብለው ቅጠሉን ገለበጡ፣ አሸተቱትም። በመጨረሻ፣

«ኑጌ አብቧል። ቀፎዎችህን ወደዚህ አስጠጋቸው» አሉኝ። በጥር ተጋባን።

ክሽክሽ ከባቄላ ወደ ባቄላ የምታሻግረው በሽታ ቫይረስ እንደሚባል ከሬዲዮ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የጎደለኝ ስሙ ብቻ ነበር።

ይህን ለእንግዳ ሳወራ «ብቻዬን ደረስኩበት» እል ነበር፤ ባለቤቴም በክርኗ ትጎስመኝ ነበር። አምና ካረፈች ወዲህ የሚጎስመኝ የለም። ስለዚህ አሁን እኔው ራሴ «ሁለታችን ነን» እላለሁ።