ሐኪሙን የሰረዘው ሰው

ስደተኛ ሁሉ በሌሊት ወጣሁ ይላል። እኔ ግን ከአዲስ አበባ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በመሥሪያ ቤቴ መኪና፣ የውሎ አበል ተቀብዬ ነው። የሁመራን የሰሊጥ እርሻ እንድዘግብ ተልኬ ነበር። አንድ አመሻሽ ላይ ተከዜን ወደ ሱዳን ተሻገርኩ፤ ዘገባው እስካሁን አልደረሳቸውም።

ያስወጣኝ አንድ ጽሑፍ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ጋዜጠኝነት ስማር የአንድ ጀርመናዊ ሐኪም ልብ ወለድ አንብቤ ነበር። ይህን አገር ቤት የምታነቡ እንዳትጠየቁበት ስሙን አልጠቅስም። ሰውየው በርሊን ውስጥ በድሆች ሰፈር የነርቭ ሕመምተኞችን እያከመ ይጽፍ ነበር። ከተማዋን ከነማስታወቂያዋ፣ ከነጋዜጣ ቁራጯ፣ ከነመንገድ ጩኸቷ መጽሐፍ ውስጥ አስገባት። አይሁዳዊ ነበርና ፓርላማው በተቃጠለ ማግስት አገሩን ጥሎ ወጣ፤ መጻሕፍቱን አቃጠሉበት። በስደት አሜሪካም ደረሰ። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ቢመለስ አንባቢ አጣ።

ይህንኑ ጻፍኩ። የሳንሱሩ ሹም አቶ መንገሻ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ሰረዘው፤ ኅዳጉ ላይ «ኮብላይን ማወደስ» ብሎ ጽፎ ለደኅንነት አስተላለፈው። ከዚያ ቢሮው ጠራኝና፣ «አንተ፣ ይኼ ሐኪምህ ምነው መርፌውን እየወጋ ቢቀመጥ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሁለት ሰዎች ቤቴ መጥተው እንደጠየቁኝ ስሰማ የሁመራውን ሥራ ለምኜ ተቀበልኩ።

ከሱዳን አልፌ የደረስኩባት የአሜሪካዋ አትላንታ ሙቀት የሁመራ ነው፤ ላቡ ግን አይደርቅም። ሰዉ ሻይን በበረዶ ይጠጣል፤ የማያውቀውን ሰው «ሃኒ»፣ ማሬ፣ ይላል። ቡፎርድ ሃይዌይ ከሚባለው መንገድ አጠገብ ቤት ያከራየኝ ሰውዬ ሥራዬን ሲጠይቀኝ ጋዜጠኛ ነበርኩ ስለው፣ ታዲያ የእሱን ጋዜጣ ከቁርስ በፊት አደርስለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። በዕረፍቴ ቀን ደግሞ ጥገኝነት ለሚጠይቁ ያገሬ ሰዎች አስተረጉማለሁ።

አንድ ቀን አስተርጉምለት የተባልኩት ሰው አቶ መንገሻ ሆኖ ቁጭ አለ። ከስቷል፣ ሸምግሏል። እንዳየኝ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «እርስዎ ነዎት?» አለኝ። አንተነቴ የት እንደገባ አላውቅም። ሚስቱና ልጆቹ ካርቱም ናቸው፤ እሱ ካልተፈቀደለት እነሱም አይመጡም። ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ሌላ አስተርጓሚ ፈልጉ ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

የጥገኝነት ጥያቄውን የሚሰማው አሜሪካዊ መርማሪ አገሩ ሳለ ሥራው ምን እንደነበር ጠየቀው።

«አራሚ» አለ አቶ መንገሻ።

«የምን? የጤፍ ነው የጽሑፍ?» አልኩት በአማርኛችን።

አቀረቀረ። «የጽሑፍ።»

ለመርማሪው «ሴንሰር»፣ ሳንሱር አድራጊ፣ ብዬ ተረጎምኩለት፤ እውነቱ ያው ነው። መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠና ከሰረዘው ውስጥ አንድ እንኳ እንዲነግረው ጠየቀው።

አቶ መንገሻ እኔን ሳያይ የእኔኑ ጽሑፍ ከራስጌው አንሥቶ በቃሉ ያወርደው ጀመር። ሐኪሙን፣ በርሊንን፣ የተቃጠለውን ፓርላማ፣ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ። በአማርኛ ያልታተመው ጽሑፌ በገዛ አፌ እንግሊዝኛ ሆኖ ወጣ። መርማሪው እስከ መጨረሻው ሰማና፣ ይህን ለምን እንደሰረዘው ጠየቀ።

«ጥሩ ስለነበረ» አለ ቀስ ብሎ። «ያነበበው ሁሉ ተነሥቶ የሚሄድ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን በሰው ጽሑፍ ላይ ቀለም ማሳረፍ አቃተኝ። እምቢ ስላልኩ ነው ያሰሩኝ።»

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ።

«ታዝዤ ነው ይላል» አልኩት በእንግሊዝኛ፤ እምቢታውንና እስሩን አላነሣሁም።

የጥገኝነቱ መልስ እስካሁን አልመጣለትም። ባለፈው እሑድ ደወለልኝ። ሚስቱ ከካርቱም በደወለች ቁጥር ምን እንደሚላት እንደጠፋው ነገረኝ፤ የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጠራልኝ። ከዚያም፣ «ጌታዬ፣ ያቺን የመጨረሻዋን እንዳልኳት ነው ያሉለት?» አለኝ።

«አረምኩልዎት» አልኩት።

ስልኩን አልዘጋም። እኔም አልዘጋሁም።