የቸሬ ትንሿ መላጊያ

የወገዳው አናጺ ቸሬ መላጊያ የሚመርጠው እንደ ሥራው ነው፤ ለሳንቃው ጠርዝ ረጅሟን፣ ለመጋጠሚያው ደግሞ መዳፍ የምታክለውን ትንሿን። ትንሿ ያለፈችበት መጋጠሚያ ብርሃን አያሳልፍም። ለማንም አያውሳትም።

ዛሬ ሣጥን ሊገጥም ቢፈልጋት የለችም። መጀመሪያ ሚስቱን ውብነሽን ጠረጠረ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን። ኋላ ትዝ ሲለው ክው አለ። ለደብሩ የሠራውን መንበረ ታቦት ውስጡን ሲልግ ነበር ቀሳውስቱ ደርሰው፣ ጳጳሱ እየጠበቁ ነው ብለው፣ በመጎናጸፊያ ሸፍነው ይዘውት የሄዱት። መላጊያዋ እውስጡ ቀርታለች።

እየሮጠ ሄዶ ለቄሰ ገበዙ ለአባ ዓለምነህ ነገራቸው።

«አይተናታል» አሉት። «ያየናት ግን መንበሩ ሜሮን ከተቀባ በኋላ ነው። ሜሮኑ እሷንም ነክቷታል። ከእንግዲህ ከመቅደስ አትወጣም።»

ቸሬ ደጀ ሰላሙ ላይ ዘፍ አለ። እሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ከመጋረጃው ወዲያ ዘልቆ አያውቅም።

«አይዞህ፣ ሌላ ትገዛለህ» አሉት።

«እሱ አይደለም አባቴ» አለ ፊቱ አመድ መስሎ። «ስለቷን ሳልስላት፣ እንደዶለዶመች ነው የገባችው።»