አጠር ያለ ነገር

ወንድሜን ጨጓራ ነው ብለን ዋሸነው። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለእናቴና ለእኔ የነገረን ሌላ ነበር፤ ካንሰሩ ሆዱ ውስጥ ተሰራጭቷል፣ ወደ ቤት ውሰዱትና ደስ የሚለውን አድርጉለት ነው ያለን። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ "እንዳይሰማ" አለች። በእኛ ቤት ለታመመ ሰው ሕመሙን አይነግሩትም፤ ተስፋ ከቆረጠ ቶሎ ይወድቃል ይባላል። እኔም እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ማስመሰል ሆነ። እናቴ ሱሉልታ እሱ ቤት ገብታ ታስታምመዋለች፤ እኔ እሑድ እሑድ ከሰበታ ታክሲ እየቀያየርኩ እሄዳለሁ። "ፊትህ መለስ ብሏል" እለዋለሁ። ፊቱ ግን በየሳምንቱ እያነሰ ነበር።

ወንድሜ አንባቢ ነበር። የጀመረውን መጽሐፍ ሳይጨርስ አያስቀምጥም፤ ቢጠላው እንኳ እየተሳደበ ይጨርሰዋል። እኔ ደግሞ ከበድ ያለ ልቦለድ ስጀምር ከመጀመሪያው ምዕራፍ አልፌ አላውቅም። "የምዕራፍ አንድ ሊቅ" ይለኝ ነበር፣ ያውም ሰው ፊት።

አንድ እሑድ ታዲያ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ። መንገድ ዳር መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ቆሜ፣ ካሉት ሁሉ ወፍራሙንና አስቸጋሪውን ልቦለድ መረጥኩ። "እሱን ጨረስኩ ያለኝ ደንበኛ እስካሁን የለም" አለኝ እየሳቀ። እኔ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ወራት የሚፈጅ መጽሐፍ ለሚሞት ሰው ማን ይገዛል? መጽሐፉ ራሱ ይዋሽልኛል ብዬ ነው።

ወንድሜ ተቀብሎ በእጁ መዘነው። "ይሄማ እስከ ፋሲካ ይወስደኛል።"

"ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል?" አልኩት። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችን፤ ደስ ብሏታል።

በሚቀጥለው እሑድ ስደርስ ጋቢውን ተከናንቦ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። አንድ አዛውንት ጎረቤት ከብቶቻቸውን እየነዱ ሲያልፉ ቆም አሉና በኦሮምኛ "አከም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደረ ጠየቁት። "ነጋ፣ ገለተ ዋቃ" ብሎ ፈጣሪን እያመሰገነ መለሰላቸው፣ ደህና ሰው በሚመልስበት ድምፅ። መጽሐፉ ጭኑ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያልቅበት ገጽ ጫፉ ታጥፏል።

አንስቶ ሰጠኝ። "ውሰጂው።"

"ምነው ጋሼ? አንተም የምዕራፍ አንድ ሊቅ ሆንክ?"

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበትና እስኪያልፍለት ጠበቅሁ። "ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ጸሐፊው ይችላል" አለኝ። "ግን ረጅም ነው። ስትመጪ አጠር ያለ ነገር አምጪልኝ፣ አንድ ጊዜ ተቀምጬ የምጨርሰው።" ከዚያ ወደ ጓዳው አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለእማዬ፣ ከበደው በያት።"

ለካ ያውቃል። ፊትህ መለስ ብሏል ባልኩት ቁጥር እያወቀ ነው "ተመስገን" ሲለኝ የከረመው። እኛ ለእሱ ስንጠነቀቅ እሱም ለእኛ ይጠነቀቅ ነበር። ላቅፈው ፈለግሁ፣ ግን ካቀፍኩት ሁሉም ነገር ሊፈርስ ነው። መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና "እሺ" አልኩት።

ስወጣ እናቴ እስከ በር ሸኘችኝ። መጽሐፉ ከቦርሳዬ ብቅ ብሎ አየችው።

"ምነው መለሰው?"

"ከበደው፣ እማዬ።"

"እሱን?" አለች። "እሱን መጽሐፍ ከበደው?"

መልስ አልጠበቀችም። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፣ ፊቷን አስተካከለችና "ሾርባዋን ላሙቅልህ?" እያለች ወደ እሱ ተመለሰች።