ወይዘሮ ዘርፈሽ ስልኩን አልዘጉም

እስራኤል አገር፣ ሐደራ ከተማ ውስጥ፣ ናሕሊኤል በሚባለው ሰፈር፣ ወይዘሮ ዘርፈሽ የሚባሉ ሴት አሉ። በወጣትነታቸው ከጎንደር ገጠር መጥተው፣ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ክፋር ብራንዳይስ በሚባለው ሰፈር የሰው ደረጃ ሲወለውሉ ኖረዋል። ጉልበታቸው ሲደክም ሥራውን ተዉት፤ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አልሆነላቸውም። እዚሁ አገር የተወለዱ የዘመድና የጎረቤት ልጆች ከገዛ እናታቸው ጋር ማውራት ሲያቅታቸው እያዩ አንጀታቸው ያርር ነበርና፣ አማርኛ ላስተምር ብለው ተነሡ።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ አንድ የወጣቶች ማዕከል ነበር። ኃላፊዋ ሳቅ ብላ፣ «ጊቬሬት ዘርፈሽ፣ እመቤቴ፣ ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው እንግሊዝኛና ሒሳብ ነው። አማርኛ ምን ያደርግላቸዋል?» አለቻቸው።

«ከእናታቸው ጋር ያነጋግራቸዋል» አሉና ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ።

ክፍል ከከለከሉኝ ሳሎኔ ምን አለው አሉ። ሳሎናቸው ጥግ ልጃቸው ሬኡት ተማሪ ሳለች የተገዛ፣ ሲበራ ሆዱ እንደ ማራገቢያ የሚጮህ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነበረ። ዓይናቸው የስልክ ፊደል አይለይም፤ በዚያ ሰፊ ስክሪን ላይ ግን የተማሪዎቻቸውን የከንፈር እንቅስቃሴ ሳይቀር ያያሉ። «ጰ» በትክክል መባል አለመባሉን በከንፈር ነው የሚያውቁት። እሑድ እሑድ ምሽት ላይ ወታደሩም፣ ተማሪውም፣ ከሆስፒታል ፈረቃ የወጣችው ነርስም ከየከተማው በኢንተርኔት ይሰበሰባሉ። ከዓመት በላይ አንድም እሑድ አልተቋረጠም።

ባለፈው በጋ ግን አንድ እሑድ ከገበያ ተመልሰው፣ ቲማቲሙን ወጥ ቤት አስቀምጠው ትምህርቱን ሊያዘጋጁ ሲቀመጡ፣ ኮምፒዩተሩ አንድም ገጽ አልከፍት አለ። ገመዱን ነቅለው ሰኩ። አጥፍተው አበሩ። የኢንተርኔቱ ሳጥን መብራቶች እንደ ወትሮው ይበራሉ። ስልካቸው በዚያው በቤቱ ኢንተርኔት ይሠራል። ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው ያመፀው።

ሬኡት ጋ ደወሉ።

«ኢማ፣ ያ ማሕሼቭ እኮ ሞቷል!» አለች ሬኡት። «ዓርብ ስመጣ አዲስ እገዛልሻለሁ። ዛሬን ሰርዢው፣ ሎ ኖራ፣ ምንም አይደል።»

«ላንቺ ምንም አይደል። እኔ ቀጥሬ አልቀርም።»

ከዚያ የኢንተርኔቱ ድርጅት ጋ ደወሉ። ብዙ ሙዚቃ ካሰሟቸው በኋላ ኦረን የሚባል ወጣት አነሣ። የሆነውን በዕብራይስጥ ከሥር ከሥሩ አስረዱት። ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ የሚያውቅ ሰው አለ?» አለ።

ወይዘሮ ዘርፈሽ ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው አዩት፤ መልሰው ለጠፉት።

«እስካሁን በምን ቋንቋ ያወራሁህ መሰለህ?»

«አይ… ማለቴ፣ የልጅ ልጅ… ኮምፒዩተር የሚችል ሰው…»

«እኔ አለሁ። ዓይን አለኝ፣ እጅ አለኝ። አንተ ንገረኝ፣ እኔ እሠራለሁ።»

ኦረን የኮምፒዩተሩን ዕድሜ ጠየቀ። ነገሩት። «በጣም አሮጌ ነው፤ አዲስ ብትገዢ ይሻላል» አለ።

«ትናንት ሲሠራ ነበር። በአንድ ሌሊት አረጀ?»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ሳምንት የሚጠግን ቴክናይ እንልክልሻለን።»

«ትምህርቴ ዛሬ ነው።»

«ጊቬሬት፣ ሌሎች ደንበኞች እየጠበቁ ነው፤ ስልኩን መዝጋት አለብኝ።»

«ዝጋው። መልሼ እደውላለሁ። አንተን ባጣ ጓደኛህን አገኛለሁ። እሱም ቢዘጋ ሌላው አለ። እኔ የትም አልሄድም፣ እዚሁ ወንበሬ ላይ ነኝ።»

ከዚያ የልጁ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ፤ «በሴደር፣ እሺ። እንሞክር።»

ስክሪኑ ላይ አንድ ጥቁር መስኮት አስከፈታቸውና ቁጥሮች እያነበበ አስጻፋቸው። በአንድ ጣት፣ ሳይቸኩሉ ጻፉ። መልስ መጣ። ቀጥሎ በቁጥሩ ፋንታ የአንድ ገጽ ስም አስጻፋቸው። ይህን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ስሙን አላውቀውም አለ።

«ራጋ፣ ራጋ፣ ቆዪ!» አለ ኦረን፤ አሁን ነገሩ ይዞታል። «መስመሩ ደኅና ነው። ኮምፒዩተርሽም ደኅና ነው። ኮምፒዩተር ስም አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስም ስትጽፊለት የዚህ ቁጥሩ ስንት ነው ብሎ ሌላ ቦታ ይጠይቃል። ዲ ኤን ኤስ የሚባለው እሱ ነው። ያንቺው የሚጠይቀው ቦታ አይመልስለትም።»

የኔትወርኩን ማስተካከያ አስከፈታቸው። ዲ ኤን ኤስ ከሚለው ቃል ሥር የተጻፈውን ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡለት። ኦረን አስደገማቸው።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«መስመሩን ሊዘረጋ የመጣው የእናንተው ሰው ነዋ! ከሱ ወዲያ ማንም አልነካው።»

«ይሄ የድሮ አድራሻችን ነው» አለ ልጁ። «ትናንት ማታ ዘጋነው። ሌላው ኮምፒዩተር አዲሱን በራሱ ያገኛል። በእጅ የተጻፈበት ኮምፒዩተር ግን አሮጌውን እየጠራ ይቀራል።»

«ስለዚህ ያረጀው የኔ ኮምፒዩተር አይደለም። ያረጀው የእናንተ ቁጥር ነው።»

«ነው» አለ ኦረን። «ጥፋቱ የኛ ነው።»

«በእጅ» የሚለውን «በራሱ» ወደሚለው እንዲቀይሩት፣ እንዲያስቀምጡትና ኮምፒዩተሩን አጥፍተው እንዲያበሩት ነገራቸው። ማሽኑ እያቃሰተ እስኪነሣ ሁለቱም መስመሩ ላይ ጠበቁ። የመጀመሪያው ገጽ ተከፈተ። ወይዘሮ ዘርፈሽ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ እንጂ አልጮኹም።

«ይቅርታ፣ ጊቬሬት» አለ ኦረን። «ቅድም ስላልኩት።»

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ። ግን ዛሬ እንደኔ ያለ ሌላ ሰው ይደውልልሃል። የልጅ ልጅ ጥራልኝ እንዳትለው። ምን እንደሚያይ ጠይቀው።»

ምሽቱን ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። ወይዘሮ ዘርፈሽ ያዘጋጁትን ትምህርት ትተው የቀኑን ውሎ በአማርኛ ተረኩላቸው፤ ከዚያም እያንዳንዱ መልሶ እንዲተርከው አደረጉ። አንዳንዱ ገመድና መስመር እየተምታታበት ተሣቀ። ከጦር ሰፈሯ የገባችው አዲ ግን ተረኩን እስከ መካከሉ አድርሳ ቃል አጠራት።

«ሎ ሜቫቴሬትን በአማርኛ ምን እላለሁ፣ እትዬ? ቢዘጋብኝም መልሼ እደውላለሁ ያሉት ቦታ ላይ…»

ወይዘሮ ዘርፈሽ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «‹እምቢ አሉ› በይ።»

«እምቢ አሉ» አለች አዲ።

«ከንፈርሽን ግጠሚው! ‹ም› ላይ ግጠሚና ‹ቢ› ላይ ልቀቂው። እንደገና።»