ማሰሪያው የቱ ነው?

መርስዔ ኀዘን ባሕር ዳር በቀበሌው መድኃኒት ቤት መድኃኒት ሰጪ ነበር። ቀድሞ ዘጌ ቅኔ ተምሯል። ላቲንን፣ የመጽሐፉን ሮማይስጥ፣ ያገኘው ግን በጤና ረዳትነት ሥልጠናው ነው፤ ሐኪም ማዘዣው ላይ እያሳጠረ የሚጽፈው እሱን ነውና።

«ጓድ፣ በሁለት የሞቱ ቋንቋዎች አብዮት አይገፋም» ይለዋል ኃላፊው አስማማው።

«አብዮቱም ሲያስለው የሚታዘዝለት በዚሁ ነው» ይላል መርስዔ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሁዳዴ ላይ የቅኔ መምህሩ የኔታ ሀብተ ሥላሴ በታንኳ መጡ። ለሳንባ ምች የታዘዘላቸውን ክኒን ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ ሳሉ ግን አልቀነሰም። መርስዔ የክኒኑን ፖስታ ከፍቶ ቢያይ አብዛኛው ክኒን አለ።

«የኔታ፣ አልዋጡትም?»

«ዋጥሁ እንጂ! ‹ከምግብ በኋላ› አላልኸኝም? ምግቤ በቀን አንድ ነው፣ እሱም ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ። አንድ ምግብ፣ አንድ ክኒን።»

«ሦስት ጊዜም ብዬ ነበር።»

«ሦስቴ የምበላ ለፋሲካ ነው።»

እንዲህ ከቀጠሉ ፋሲካን አያዩም። የንስሐ አባታቸው እንኳ ጾሙን ቢፈቱላቸው እምቢ ብለዋል። መርስዔ ማዘዣውን ዘረጋ።

«ሮማይስጥ ነው፣ የኔታ። ‹ቴር ኢን ዲዬ›፣ ሠለስተ ጊዜ በዕለት። ‹ፖስት ሲቡም›፣ እምድኅረ መብልዕ።»

«ጲላጦስ መስቀሉ ላይ ያጻፈው?»

«ከሦስቱ ልሳን አንዱ። ሮማ አጠገብ የገበሬ ቋንቋ ነበር። ጣሊያንኛን፣ ፈረንሳይኛን ወለደና እሱ በመጽሐፍና በመድኃኒት ቤት ቀረ። ዛሬ ከእናቱ አፍ የሚለምደው ልጅ የለም።»

«እንደ ግዕዛችን በለኛ!»

«እንግዲህ ሦስት ጊዜውና ምግቡ ተጣሉ። ይፍረዱ፣ ማሰሪያው የቱ ነው?»

ቅኔ ቤት ማሰሪያ የሚባለው ዐረፍተ ነገሩን የሚቋጨው ግሥ ነው፤ ሌላው ቃል ሁሉ ለእሱ ያድራል። የኔታ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ግሡ የታለ?»

መርስዔ ከወረቀቱ አናት ላይ ያለችውን እግረ ስንጥቅ የላቲን ፊደል፣ ℞ን፣ አሳያቸው። «‹ሬሲፔ› ናት በአጭሩ፤ ‹ንሣእ›፣ ውሰድ።» ትእዛዙ ለመድኃኒት ቀማሚው እንጂ ለበሽተኛው አለመሆኑን አልነገራቸውም።

«ንሣእ... ሠለስተ ጊዜ...» ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ቆየች። «ምግቡ አጃቢ ነዋ! ሦስቴ ውሰድ ካለ፣ አጃቢውም ሦስቴ ሊመጣ ነው።» ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «አሰርኸኝ፣ አንተ ልጅ!»

አስማማው ለምሳው ያመጣውን በሶ አቀረበ። የኔታ ባርከው ጎረሱ፣ ክኒኗንም ዋጡ።

«ሐኪሙን ግን ንገረው» አሉ ውኃውን እያስቀመጡ፤ «ግሡን እግሩን ሳይሰነጥቅ ሙሉውን ይጻፍ።»