ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቃል

ሐይቅ ከተማ፣ ውኃው ዳር ባለ አንድ ሎጅ የጽዳት ሥራ የጀመርኩ ቀን ባልዲ፣ መወልወያና አራት ክፍል ተሰጠኝ። ሥራ አስኪያጁ፣ «እንግዳ ካናገረሽ ፈገግ ብለሽ እለፊ። ከስድስተኛ ክፍል ባላለፈ እንግሊዝኛሽ ላውራ እንዳትይ» አለኝ። ዓይን አፋር ነኝና መሬት መሬት እያየሁ «እሺ ጋሼ» አልኩ። ሆዴ ግን እሺ አላለም።

አንድ ክፍል ውስጥ እንግዳ ረስቶት የሄደ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አገኘሁ። ለሥራ አስኪያጁ ሳሳየው «ውሰጂው፣ ለማንደጃ ይሆንሻል» ብሎ ሳቀ።

ልጅ ሳለሁ አምባሰል ቁርኣን የቀራሁት በሉህ፣ በጣውላ ሰሌዳ ነው። ጣውላው ላይ ይጻፋል፤ በቃል ሲያዝ ይታጠብና ሌላ ይጻፋል። ከተጣለ የቁም ሣጥን በር ጣውላ ቆርጬ በየቀኑ አምስት ከባድ ቃል በከሰል ጻፍኩበት። አንሶላ እያነጠፍኩ ቃሎቹን እቀራለሁ፤ ከሥራ ስወጣ አጥባለሁ።

ወጥ ቤት የምትሠራው ዘሀራ «ኡስታዟ መጣች!» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። አንድ ቀን መቶ ቃል ሳልሳሳት በቃሌ ወረድኩላት።

«ማሻአላህ! የመጀመሪያው ምን ማለት ነው?»

ትርጉሙ የለም። ድምፁን ብቻ ነበር የያዝኩት። በራሴ ተናድጄ መቶውንም ከነትርጉማቸው እንደገና ጀመርኩ።

በሁለተኛው ዓመት ሥራ አስኪያጁ ከእንግዶች አስተያየት መዝገብ አንድ ገጽ በመስታወት ክፈፍ አስገብቶ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሰቀለ። «ቢዩቲፉል» የሚለውን አይቶ ነው። እኔ እስከ ታች አነበብኩት። ሐይቁ ውብ ነው፣ ሦስት ቁጥር ክፍል ግን «ስኳሊድ» ነው ይላል። ይህን ቃል ጽፌ አጥቤዋለሁ። የሚያስጸይፍ ቆሻሻ ማለት ነው። ሦስት ቁጥርን የማጸዳው ደግሞ እኔ ነኝ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ያን ሁሉ ቃል የያዝኩት ዝም ልል ነው?

«ጋሼ፣ ይህ ገጽ ቢወርድ ይሻላል። ክፍላችንን ቆሻሻ እያለ እኮ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ማን አስተማረሽ?»

«ለማንደጃ የሰጡኝ መጽሐፍ።»

በጣቴ ያሳየሁትን ቃል ስልኩ ላይ ፈለገ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ሦስት ቁጥር የማን ነው?»

«የእኔ። ውኃ የጠፋ ሳምንት በደረቁ ወልውዪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ገጹን በገዛ እጁ አወረደው።

መደቤ ዛሬም ጽዳት ነው። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ባልዲዬን አስቀምጬ የማነበው እኔ ነኝ። አዲስ ገቢዎች እንዴት እንዳጠናሁ ሲጠይቁኝ አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ፦ ትርጉሙ ሳይያዝ ጣውላው አይታጠብም።