ለካንሰር ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ሴት ስታመለክት

«ልጄ፣ መቼ ነው የምታገቢው?» አሉኝ ዛሬ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ፈታኝ፣ ለካንሰር ቀዶ ሕክምና ልዩ ሥልጠና ሲፈትኑኝ።

ደብረ ብርሃን የምሠራ ቀዶ ሐኪም ነኝ። ካጠናሁት ውስጥ ይህ ጥያቄ አልነበረም።

ሽማግሌው ፈታኝ ቀጠሉ፤ «በደርግ ጊዜ እኛ ስንሠለጥን አንድም ሴት አብራን አልነበረችም።»

«ስላልነበረች ነው አያቴ የሞተችው» አልኳቸው። «አንኮበር ሆና፣ ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ለወንድ ሐኪም አላሳይም ብላ በነጠላዋ ሸፍና ኖረች። ዛሬም ከመዘዞ የሚመጡ እናቶች ‹ሴቷ ዶክተር የለችም?› ብለው ይጠይቃሉ።»

አመስግነው አሰናበቱኝ። ከሰዓት በኋላ ቦታውን በጽሑፍ ፈተናው ለበለጥኩት ወንድ ሰጡት።

አቤቱታዬን ዛሬውኑ አስገብቻለሁ። ካልሰሙኝ በሚቀጥለው ዙር ተመልሼ እፊታቸው እቀመጣለሁ።

እህቶች፣ እናንተንስ ለሥራ ስትቀርቡ ምን ጠየቋችሁ? ምንስ መለሳችሁ?